ተከራይም የባንክ እዳም ያለበትን ቤት በድሬዳዋ ለመሸጥ

ሳቢያንም ይሁን ከዚራ፣ ለሽያጭ የሚቀርብ ግቢ ብዙ ጊዜ ባዶ አይደለም። ሰርቪሱ ውስጥ ተከራይ አለ፣ ካርታው ባንክ ተይዟል። ሁለቱም መፍትሔ አላቸው፤ ሽያጩን የሚያበላሸው ተከራዩን ሳያነጋግሩ ቀብድ መቀበል ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑም ከ2 ዓመት አያንስም። «ቤቱን ሸጫለሁና ነገ ልቀቅ» ማለት ስለዚህ አያስኬድም። ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ይስጡ፣ የደረሰበትን ቀን ያስፈርሙ፤ ከስንት ወር በፊት መሰጠት እንዳለበት ውሉን ከመዘገበው መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። ተከራዩ በስምምነት ከለቀቀ ቀኑንና የሚመለስለትን ቅድመ ክፍያ ጽፋችሁ ተፈራረሙ።

ከዚያ ገዢውን «ሊኖሩበት ነው ወይስ ሊያከራዩት?» ብለው ይጠይቁ። ለመኖሪያ ብሎ ከባንክ የሚበደር ሰው ባዶ ቤት ይፈልጋል፤ የባንኩ መሐንዲስም ለግምት ሲመጣ የተከራዩን ክፍል ጭምር ማየት አለበትና ቀጠሮውን ቀደም ብለው ያስይዙ። የሚያከራየው ከሆነ የኪራይ ውሉን ቅጂ ይስጡት፣ እርስዎ የተቀበሉትን ቅድመ ክፍያም ከዋጋው ላይ ያስቡለት።

ቀብድ ላይ ይጠንቀቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ተቀባይ ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል፦ 200,000 ብር የተቀበለ 400,000 ይከፍላል። የማስረከቢያው ቀን ተከራዩ ከሚለቅበት ቀን አንድ ወር ያህል ዘግየት ቢል ይሻላል።

የመያዣ መብት ከቤቱ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ባለቤት ስለተለወጠ አይጠፋም። ከባንክዎ ቀሪውን እዳ እስከ ክፍያው ቀን ካለው ወለድ ጋር የሚገልጽ ደብዳቤ ያውጡ። ገዢው የእዳውን ያህል በቀጥታ ወደ ብድር ሂሳቡ ያስገባ፣ ቀሪውን በሲፒኦ (በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ይስጥዎ። ብዙዎች እዳውን ከፍለው ቀጣዩን ይረሱታል እንጂ፣ ባንኩ እዳው ማለቁን ገልጾ የሚሰጠው ደብዳቤ ለመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤቱ ደርሶ በመያዣው ምክንያት የተጣለው እገዳ ካልተነሳ ስም ማዛወር አይቻልም።

ቤቱ የጋራ ሀብት ከሆነ ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርማሉ፤ ውሉም ሰነዶች ማረጋገጫ መመዝገብ አለበት።

ግብሩን አስቀድመው ያስሉ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ቤት ሲሸጥ በትርፉ ላይ 15 በመቶ ይከፈላል፤ የሚታሰበው በጠቅላላ ዋጋው ላይ አይደለምና የግዢ ውልና የእድሳት ደረሰኞችዎን አይጣሉ። ከሽያጩ በፊት ለ2 ዓመት ሙሉ በሙሉ ለመኖሪያ ያገለገለ ቤት ነፃ ይሆናል፤ ሰርቪሱን ያከራየ ሰው ግን ይህ መብት ሊያመልጠው ይችላል። አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ ስሌቱን ከገቢዎች ጋር ያመሳክሩ። ያልተከፈለ የኪራይ ገቢ ግብር ካለም ክሊራንስ (የግብር እዳ እንደሌለብዎ የሚያሳይ ማረጋገጫ) ሲጠይቁ ይወጣል። ለስም ዝውውር የሚከፈለውን 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ማን እንደሚችል ውሉ ላይ ይጻፉ።

ቁልፍ በሚያስረክቡበት ዕለት የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ እርስዎ፣ ገዢውና ተከራዩ ሦስታችሁም ባላችሁበት መዝግቡ፤ የተከራዩ ውዝፍ በገዢው ላይ እንዳይወድቅ።