ሽንት ቤት ሳትልኪያት ሆዷን አትንኪ

አዋላጅነት በጀመርኩ ሰሞን አንዲት አራስ ሆድ ዳስሼ «ማህፀኗ ከእምብርት በላይ ወጥቶ ወደ ቀኝ ሸሽቷል» ብዬ ካርዷ ላይ ጻፍኩ። ኃላፊዬ ምንም ሳትል ሽንት ቤት ላከቻት። ስትመለስ ማህፀኑ መሀል ላይ፣ ከእምብርት በታች ቁጭ ብሏል። ገፍቶት የነበረው ሽንት የሞላ ፊኛ ነው። አፈርኩ። አንቺም ጀማሪ አዋላጅ፣ ማህፀን ከመዳሰስሽ በፊት መጀመሪያ ሽንቷን ትሽና።

እርጉዝ ያልሆነችውን ሴት ማህፀን ስትመረምሪ ምን እንደምታደርጊ አስቀድመሽ ንገሪያት። እሺ ስትል ጉልበቷን አጥፋ፣ በነጠላዋ ተሸፍና ትተኛ። ጓንት ካጠለቀው እጅሽ ሁለት ጣት ወደ ብልቷ አስገብተሽ የማህፀን በሩን ቀስ አድርገሽ ወደ ላይ አንሺ። ሌላው እጅሽ ከብልት አጥንት በላይ ወደ ታች ይጫን። ማህፀኑ በሁለቱ እጅሽ መሀል ይገኛል። አሁን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ነካ ነካ አድርጊው። ጤነኛ ከሆነ እሺ ብሎ ይሄዳል። ካላገኘሽው አትደንግጪ፤ ከ5 ሴት የአንዷ ያህል ማህፀን ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ በጣትሽ ከማህፀን በሩ ኋላ ፈልጊው።

ዓይንሽ ግን እግሯ ጣቶች ላይ ይሁን። የኛ ሴቶች «ኧረ ምንም አይል» እያሉ ጣታቸውን ይጨብጣሉ። የማህፀን በሩ ሲነካ ክፉኛ ካመማት ኢንፌክሽን ወይም ከማህፀን ውጭ ያለ እርግዝና ሊሆን ይችላል። ማህፀኑ አልነቃነቅ ካለ ደግሞ የድሮ ኢንፌክሽን፣ ቀዶ ጥገና ወይም ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ህዋስ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ህመም) አጣብቆት ይሆናል። ሐኪም ይያት።

በእርግዝና እጅሽ ይለዝብ። በ12 ሳምንት ገደማ ማህፀኑ ከብልት አጥንት በላይ ብቅ ይላል። በ14ኛው ሳምንት አካባቢ ሽንት እምቢ ብሏት ከመጣች፣ ወደ ኋላ ያዘነበለው ማህፀን ዳሌ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል። ሽንቷን በካቴተር፣ ማለትም ፊኛ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ አውጥተሽ ወደ ሐኪም ላኪያት እንጂ በጉልበት አትግፊው።

ሆዷ ከገፋ በኋላ በጀርባዋ ብዙ አታቆዪያት፤ በቀኝ ዳሌዋ ስር ጨርቅ አጥፈሽ ወደ ግራ ዘንበል አድርጊያት። መዳፎችሽን ግራና ቀኝ አሳርፊ፤ ምጥ ከያዛት ቁርጠቱ እስኪለቃት ጠብቂ። ማህፀኑ ትንሽ ወደ ቀኝ ቢዞር የተለመደ ነው። እንደ ጣውላ ደርቆ ካመማት ግን ፈጥነሽ ሪፈር ጻፊ። ደም ካለ፣ እንግዴ ልጁ የት እንዳለ በአልትራሳውንድ ሳይታወቅ ጣት አይገባም። «ልጁ ይስተካከል» ተብሎ ሆድ ማሳሸትም ይቅር፤ እትዬዎቹ ቢቆጡም ንገሪያቸው።