ፈሪ ውሻ ድመት ያለበት ቤት ሲገባ

ቡቺን ከመንገድ ያነሳሁት በክረምት ነው። መጥረጊያ ሳነሳ መሬት ላይ ልጥፍ ይላል፣ የግቢው ቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ሽንቱ ያመልጠዋል። ቤት ውስጥ ደግሞ ሁለት ድመቶች አሉኝ፤ ውሪትና ዳለቻ። ገና በመጀመሪያው ቀን ውሪትን አቅፌ "በሉ ተዋወቁ" ብዬ አፍንጫው ሥር ወሰድኳት። አፍንጫውንም የኔንም ክንድ ቧጨረችን። እሱ አልጋ ሥር ገብቶ እስከ ማታ አልወጣም፤ ያቺን አንዲት ደቂቃ ለማስረሳት ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ስለዚህ አደራ፣ ማንንም አቅፋችሁ አታስተዋውቁ።

ከሁሉ በፊት የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለውሻውም ለድመቶቹም ያስፈልጋል፣ በሽታው ድመትንም ይይዛልና። ክትባቱ የማይታወቅ እንስሳ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ከዚያ ለየብቻ አስቀምጧቸው። ውሻው አንድ ክፍል ይያዝ፣ ድመቶቹ በለመዱት ቤት እንደልባቸው ይኑሩ። በዓይን ከመተያየታቸው በፊት በጠረን ይተዋወቁ። አሮጌ ካልሲ ወይም ሻርፕ የድመቷን ጉንጭ እሹበትና ውሻው ከሚበላበት ሳህን ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ጣሉለት፤ የሱን ምንጣፍ ደግሞ ለድመቶቹ። አሽትቶ ፊቱን ካዞረ ወዲያው አጉርሱት።

ለጉርሻ ከልኳንዳ ሳንባ ገዝቼ ያለ ጨው እቀቅልና የአውራ ጣት ጥፍር በምታክል መጠን እቆርጠዋለሁ። ሁዳዴ ሲደርስ ብዙ ልኳንዳ ስለሚዘጋ አስቀድሜ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። የወጥ ትራፊ ግን አትስጡ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል፣ የተቀቀለ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ድመቶቹ ከፍ ያለ ቦታ ይፈልጋሉ። የቁም ሳጥኑን ወይም የቡፌውን አናት ባዶ አድርጉላቸው፣ ምግባቸውንም እዚያው ስቀሉት። የሚጸዳዱበትን አሸዋም ውሻው የማይደርስበት ቦታ አድርጉ፤ እንዳያስጨንቃቸው ብቻ ሳይሆን ብዙ ውሾች የድመት ዓይነ ምድር ስለሚበሉም ነው።

ቀጥሎ በተዘጋ በር ግራና ቀኝ መብላት ነው። ሳህኖቹን ከበሩ ሁለት ሜትር ያህል አርቃችሁ ጀምሩ፣ በየቀኑ አንድ ስንዝር አቅርቡ። የፈራ ውሻ አይበላም። ምግቡን ትቶ በሩን ካፈጠጠ ቸኩላችኋል፤ ሳህኑን ትናንት ወደነበረበት መልሱት። ቡቺ አራተኛው ቀን ላይ ተሰናክሎ ወደ መጀመሪያው ተመለስን፣ ሁለተኛው ሙከራ ግን ተሳካ።

ሁለቱም በሩ ሥር ተረጋግተው ሲበሉ መተያየት ይችላሉ። መጀመሪያ ውሻውን በደንብ አንሸራሽሩት፣ ከዚያ ደረቱ ላይ በሚታሰር ማሰሪያ ይዛችሁት መሬት ላይ አብራችሁት ተቀመጡ። ገመዱ ላላ ይበል፤ ከወጠራችሁት የናንተ ጭንቀት ወደሱ ይተላለፋል። ድመቷን ማንም አይያዛት፣ በሩ ክፍት ሆኖ ስትፈልግ ትግባ ስትፈልግ ትውጣ። እሷ ስትታይ ጉርሻ ይጀምራል፣ ስትወጣ ይቆማል። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ዳለቻ መጀመሪያ ቡፌው ላይ የወጣ ቀን ቡቺ ጭራውን ቆልፎ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ፣ ከንፈሩን ደጋግሞ ላሰና አዛጋ። እህቴ "እንቅልፉ መጣ" አለች። ውሻ እንዲህ ሲያዛጋ ግን መጨነቁን እየነገራችሁ ነው፤ ራቅ አድርጉት። ካጉረመረመም አትቆጡት፣ አትምቱት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ እሱን ከከለከላችሁት ሳያስጠነቅቅ መንከስ ይማራል። ድመቷም ጸጉሯን አቁማ ጀርባዋን ከገተረች የዚያ ቀን ትምህርት አብቅቷል።

ክችች ብሎ የሚያፈጥ፣ ስሙን ብትጠሩት የማይሰማ፣ ሥጋ አፍንጫው ሥር ብታደርጉ የማያይ ውሻ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ እያደነ ነው። ወዲያው ለዩአቸውና ውሻ የሚያሠለጥን ባለሙያ ፈልጉ። አንዳንድ ውሻ ከድመት ጋር ጨርሶ ላይለምድ ይችላል፤ በሁለት ክፍል ተለያይተው ቢኖሩ ማንንም አይጎዳም።

ለቤተሰቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ንገሩ፤ ልጆቹም የቤት ሠራተኛዋም ይስሙ። ድመቷን የሚያባርር ልጅ ውሻውንም ማባረር ያስተምረዋል። በዓል ሲሆን፣ እንግዳ ሲበዛና ርችት ሲተኮስ፣ ቡቺን ክፍሉ አስገብቼ ሬዲዮ እከፍትለታለሁ።

አሁን ሦስቱም ሳሎን አብረው ይውላሉ፤ ዳለቻ እንዲያውም ብርድ በሆነ ቀን የቡቺ ጆንያ ላይ ይተኛል። ከቤት ስወጣ ግን እስካሁን በሩን በመሃላቸው እዘጋለሁ። እናንተም ለብዙ ሳምንታት አንድም ግጭት ሳይፈጠር እስክታዩ ድረስ ብቻቸውን አትተዉአቸው።