«ስንት ጊጋ ነው?» ብሎ ግራፊክስ ካርድ መግዛትና ሌሎች ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር መገጣጠም ከጀመርኩ ወዲህ ደንበኛ ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ «ካርዱ ስንት ጊጋ ነው?» ዋጋውን እንኳ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ጤፍ በኪሎ እንደሚሸጠው ግራፊክስ ካርድም (ምስልና ቪዲዮ የሚያቀነባብረው የኮምፒውተር ክፍል) በጊጋ፣ ማለትም በሜሞሪው መጠን ብቻ፣ የሚመዘን ይመስለዋል። ሻጮችም ይህን ስለሚያውቁ በካርቶኑ ላይ ትልቁን ቁጥር አስቀድመው ያሳያሉ።

በጊጋ ብቻ መመዘን

ጎተራ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ እህሉ የሚወጣበት ቀዳዳ ከጠበበ ወፍጮው ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። የካርድ ሜሞሪም እንዲሁ ነው። ጂቲ 1030 የሚባለው ካርድ በሁለት ዓይነት ወጥቷል፤ ሁለቱም 2 ጊጋ ናቸው፣ ስማቸውም አንድ ነው። የአንደኛው ሜሞሪ ጂዲዲአር5 ሲሆን በሴኮንድ 48 ጊጋባይት ያህል ያመላልሳል። ዲዲአር4 የሆነው ግን ወደ 17 ብቻ። አርቲኤክስ 3060ም ባለ 12 ጊጋው የሜሞሪ መስመሩ ስፋት 192 ቢት፣ ባለ 8ቱ ደግሞ 128 ቢት ነው። ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 ጊጋውና ባለ 6ቱ የሚለያዩት በሜሞሪ ብቻ አይደለም፤ በትንሹ ውስጥ ያሉት የስሌት ክፍሎችም ያነሱ ናቸው።

ስለዚህ ስልክ ደውለው ሲጠይቁ ሙሉ ስሙን፣ የሜሞሪውን ዓይነትና የመስመሩን ስፋት አንድ ላይ ይጠይቁ። ሻጩ ከተደናገረ የካርቶኑን ጀርባ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልዎ ያድርጉ።

ፓወር ሰፕላዩን በተረፈው ብር መግዛት

ይህን ስህተት እኔም ስለሠራሁት ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰርግ ቀርጾ ለሚያቀናብር ወጣት አንድ ኮምፒውተር ገጠምኩ። ብሩ በአርቲኤክስ 3060 ካርዱ ላይ አለቀና ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያድለውን ክፍል፣ ከርካሹ መረጥንለት፤ ላዩ ላይ «500 ዋት» ይላል። ቪዲዮውን ሲቆራርጥ ደህና ነበር። የመጨረሻውን ፋይል ማውጣት ሲጀምር ግን ድርግም። መጀመሪያ መብራቱን ወቀስን፣ ቀጥሎ ዊንዶውስን፣ ከዚያ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር)። ሦስት ቀን ሙሉ ተመላለስንበት፤ ሙሽሮቹም በየቀኑ ይደውሉ ነበር።

በመጨረሻ ጎኑ ላይ ያለውን ትንሿን ሠንጠረዥ አነበብኩ። የ12 ቮልቱ መስመር 18 አምፔር ብቻ ነበር። 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ይሆናል። ካርዱም ሆነ ፕሮሰሰሩ በዋናነት የሚጠጡት ከዚሁ መስመር ነው፤ ካርዱ ብቻውን 170፣ ፕሮሰሰሩ 65፣ በድምሩ 235። በፊት ለፊቱ የተጻፈው 500 ጌጥ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ፓወር ሰፕላይ ስገዛ መጀመሪያ የማየው የ12 ቮልቱን አምፔር ነው። ክብደቱንም በእጄ እመዝናለሁ፤ እንደ ባዶ ቆርቆሮ የቀለለውን እመልሳለሁ።

ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስገቢያ ለካርዱ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው። ባለ 6 እግር ገመድ ሌላ 75፣ ባለ 8 እግሩ 150 ይጨምራል። ፓወር ሰፕላይዎ እነዚህ ገመዶች ከሌሉት በመቀጣጠያ ከማጭበርበር ይልቅ ያለ ተጨማሪ ገመድ የሚሠራ ካርድ ቢመርጡ ይሻላል፤ ከጂቲኤክስ 1650 ዓይነቶች ውስጥ እንዲህ ያሉ አሉ። ከኃይል አንጻር አርቲኤክስ 4060 በ115 ዋት፣ አርኤክስ 6600 በ132 ዋት መሥራታቸው እንደኛ መብራት ሄድ መጣ ለሚልበት ከተማ ትልቅ ነገር ነው። 650 ቮልት አምፔር የተባለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው) አብዛኛውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነውና ካርዱና ሞኒተሩ ተደምረው ቢከብዱት ፋይልዎን ለማስቀመጥ እንኳ ፋታ አይሰጥም።

ሞኒተሩን መርሳት

ቤት ውስጥ ያለው ሞኒተር ሰማያዊው የቪጂኤ ገመድ ብቻ ያለው ከሆነ አዲሶቹ ካርዶች ላይ የሚሰካበት የለም። ሲግናሉን የሚቀይር መለወጫ መግዛት ግድ ነው። ባለ 60 ኸርዝ ሞኒተር ደግሞ በሴኮንድ ከ60 ምስል በላይ አያሳይም፤ 150 ምስል የሚያወጣ ካርድ ቢገዙለት ትርፉ የሚሄደው ከንቱ ነው። ካርዱ ተገጥሞም ገመዱን ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ «ካርዱ አይሠራም» ብሎ የሚመለስ ሰው በየወሩ አይጠፋም። አልስቅም። እኔም አድርጌዋለሁ።

ሥራውን ሳይለዩ መግዛት

ኮምቦልቻ ያሉ የምህንድስና ተማሪዎች ለአውቶካድ፣ ለንድፍ መሥሪያው ፕሮግራም፣ ብለው ውድ ካርድ ይጠይቁኛል። ለሁለት አቅጣጫ ሥዕል የሚያስፈልገው ፈጣን ፕሮሰሰርና በቂ ራም ነው፤ ገንዘቡን እዚያ ላይ ያድርጉት። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ላይ ለሚሠራ ግን ካርዱ ዋናው ነው። አርኤክስ 6500 ኤክስቲን ለቪዲዮ ሠሪ ፈጽሞ አልመክርም፤ ቪዲዮ የሚያሽግ የራሱ ክፍል የለውም። በተጨማሪ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ስለሆነ አሮጌ ማዘርቦርዶች ላይ ባለው የሦስተኛ ትውልድ ማስገቢያ ሲሰካ ፍጥነቱ ይወርዳል።

ያገለገለን ካርድ ሳይፈትኑ መክፈል

ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2022 (እ.ኤ.አ.) በካርድ መመረቱ ሲቆም፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ገበያውን ሞልተውታል። ሁሉም መጥፎ ናቸው አልልም፤ ማራገቢያቸውና የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባታቸው ግን መታየት አለበት። የባሰው ሐሰተኛው ነው። ጂቲኤስ 450ን የመሰለ አሮጌ ካርድ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ ይሸጣል። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነጻ ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ ለይቶ ከስሙ ፊት በእንግሊዝኛ «FAKE» (ሐሰተኛ) ብሎ ይጽፋል። ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዘው ይሂዱ፤ ካርዱንም ግማሽ ሰዓት ያህል በከባድ ሥራ ላይ አስጨንቀው ይዩት። ከአዲስ አበባ የመጣ ካርድ ሲበላሽ 400 ኪሎ ሜትር ተመልሶ መሄዱን አይርሱ።

ሳጥኑንና ሙቀቱን አለመለካት

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል፤ ብርዱ ግን ያካክሰዋል። ኮምቦልቻ ዝቅ ብላ ሞቃት ናት፤ አቧራዋም አይጣል ነው። እዚያ ለሚኖር ሰው ከፊት አየር የሚያስገባ ማራገቢያ ያለው ሳጥን እመርጥለታለሁ፤ በየሁለት ወሩም ማጽዳት ያስፈልጋል።

ከመግዛትዎ በፊት የሳጥኑን ውስጥ በሜትር ይለኩ። አንድ ደንበኛዬ ሦስት ማራገቢያ ያለው ረጅም ካርድ ገዝቶ አልገባ ሲለው የሃርድ ዲስኩን ማስቀመጫ በብረት መጋዝ ቆርጦ አስገባው። እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ሃርድ ዲስኩ ግን ከሳጥኑ ውጭ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያድረው።