ልጁ ግማሽ ቀን ሲውል ስንት ይከፈል? የሕፃናት ማቆያ ዋጋ አወጣጥ

ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ጀሞ። ከእነዚህ ሰፈሮች ወደ መሃል ከተማ ወጥቶ የሚሠራ ወላጅ ቀኑ ረጅም ነው። ጠዋት 2:30 ቢሮ ለመግባት ገና በ12:30 የታክሲ ሰልፍ ይይዛል። 11:30 ሲወጣ ደግሞ ቤቱ የሚደርሰው 1 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ የዳር ሰፈር ማቆያ ማልዶ ይከፍታል፣ አምሽቶ ይዘጋል።

የሙሉ ቀን ክፍያ ላይ ብዙ ክርክር የለም። ጭቅጭቁ የሚነሳው ልጁ ኬጂ ሲገባና 9:30 ላይ ወደ ማቆያው ሲመለስ፣ ወይም እናት በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ስትሠራ ነው። «እትዬ፣ ልጄ እኮ የሚቆየው ሦስት ሰዓት ነው፤ ግማሽ ዋጋ ለምን?» ትላለች እናት። የማቆያው ባለቤት ወይ ታዝንና ትቀንሳለች፣ ወይ «አይ የኔ ልጅ፣ አያዋጣኝም» ብላ ታልፋለች። ሁለቱም ምክንያቱን ቁጭ ብለው አልተነጋገሩበትም።

እኔ የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር። ማቆያ የሚሸጠው ሰዓት ሳይሆን ቦታ ነው። ልጁ ባይኖርም ቦታው ከተያዘ ኪራዩ ይከፈላል፣ ሞግዚቷም ደመወዟን ትወስዳለች። ዋጋው ከዚህ ከተነሳ ለወላጅም ለማስረዳት ይቀላል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለማሳያ የወሰድኳቸው ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን አስገቡ።

የአንድ ቦታ ወጪን ማወቅ

ደብተር አውጡና በወር የሚወጣውን ሁሉ ጻፉ። እንበልና ኪራይ 38,000 ብር ነው። አራት ሞግዚቶች እያንዳንዳቸው 6,000፣ ምግብ አብሳይ፣ ጽዳትና ጥበቃ እያንዳንዳቸው 5,000 ይከፈላቸዋል። ደመወዙ በድምሩ 39,000 ይሆናል። አሠሪው የሚያዋጣው የጡረታ 11 በመቶ ሲጨመር ሌላ 4,290 ነው። ይህ መዋጮ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ውሃ፣ መብራት፣ ሳሙናና በረኪና 9,000 እንበል። ዳር ሰፈር ላይ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በቦቴ የሚገዛበት ጊዜ አለ፣ መብራት ሲጠፋም ከሰል ይገዛል። እነዚህን እዚሁ ውስጥ አስገቡ።

ቀጥሎ የባለቤቷ የራሷ ደመወዝ አለ። ይህን ሳይጽፉ ማለፍ በጣም የተለመደ ነው፤ «የሚተርፈው የኔ ነው» ይባላል። የሚተርፍ ነገር ሳይኖር ዓመቱ ያልቃል። ጠዋት በር የምትከፍት፣ የታመመ ልጅ አቅፋ ሐኪም ቤት የምትሮጥ ሴት ደመወዝ ይገባታል። 12,000 ብር ጻፉ። ለጥገና፣ ለአሻንጉሊት፣ ለፍራሽ መቀየሪያ 7,710 ብንጨምር ጠቅላላው 110,000 ይመጣል።

አሁን ለስንት ልጅ ይካፈላል? ቤቱ 26 ልጅ ቢይዝም በ26 አታካፍሉ። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፣ ሁልጊዜ ሙሉ አይሆንም። በ22 ስናካፍል የአንድ ቦታ ወጪ በአማካይ 5,000 ብር ነው። ምግብ ገና አልገባበትም።

ዕድሜው ሲጨምር ዋጋው ለምን ይቀንሳል?

ልዩነቱ የሚመጣው ከሞግዚቷ እጅ ነው። አንዲት ሞግዚት ጨቅላ ብትይዝ አራት ነው። ዳይፐር፣ ጡጦ፣ ማስተኛት፣ ማስገሳት፣ አራቱን አዳርሳ ስትጨርስ የመጀመሪያው እንደገና ይርበዋል። የ2 እና የ3 ዓመት ልጆች ከሆኑ ስድስት ትይዛለች። ከ4 ዓመት በላይ ያሉት ራሳቸው ይበላሉ፣ ሽንት ቤት ይጠይቃሉ፤ ስምንት፣ ሲበዛም አሥር ልትጠብቅ ትችላለች።

አንዲት ሞግዚት ከነጡረታዋ 6,660 ብር ታስወጣለች። ይህ ለአራት ጨቅላ ሲካፈል 1,665፣ ለስድስት 1,110፣ ለስምንት 833 ገደማ ነው። ከሞግዚቶች ውጭ ያለው ወጪ 83,360 ብር ለሁሉም እኩል ሲደርስ በልጅ 3,789 ይሆናል። ሁለቱን ደምራችሁ ትንሽ አጠጋጉት። ለጨቅላ 5,500፣ ለ2 እና 3 ዓመት 4,900፣ ለኬጂ ዕድሜ ልጅ 4,650 ይወጣል። 8 ጨቅላ፣ 6 መካከለኛና 8 ትልልቅ ልጆች ካሉ 110,600 ብር ይገባል። ወጪው ተሸፈነ።

ጨቅላው ውድ ስለሆነ ወላጅ ይሸሻል ብላችሁ አትፍሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ልጁ ሦስት ወይም አራት ወር ሲሆነው እናት ሥራ ትመለሳለች፤ አያት ወይም እህት ቤት ውስጥ ከሌለች ሌላ አማራጭ የላትም። ይልቅ የጨቅላ ክፍል ቦታን ለግማሽ ቀን ልጅ መስጠት አያዋጣም። እዚያ ሙሉ ቀን ብቻ ተቀበሉ።

ለትልልቆቹ ፊደልና ቁጥር የምታስተምር መምህርት ከቀጠራችሁ ደመወዟን በነሱ ቁጥር ብቻ አካፍላችሁ ጨምሩ። ጨቅላው የመምህርት መክፈል የለበትም።

የግማሽ ቀን ክፍያ

እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማሰብ ይፈልጋል። ስምንት የኬጂ ዕድሜ ልጆች አሏችሁ። አራቱ ወደ ግማሽ ቀን ዞሩና ግማሽ ዋጋ ተቀበላችሁ። የጎደለው 9,300 ብር ነው። ከአንድ ሞግዚት ወርሃዊ ወጪ ይበልጣል፤ ሞግዚቷ ግን አሁንም ታስፈልጋለች። ብዙ ትንንሽ ማቆያዎች የሚደክሙት እንዲህ ባለ ቀዳዳ ይመስለኛል።

መጠየቅ ያለበት ነገር ልጁ የማይኖርበትን ሰዓት ለሌላ ልጅ መስጠት መቻላችሁ ነው። ከቻላችሁ ጥንድ አግኝታችኋል። ጠዋት የሚመጣው ልጅና ከሰዓት የሚመጣው ልጅ አንድ ቦታ ይጋራሉ። እያንዳንዳቸው የሙሉ ቀኑን 60 በመቶ ይክፈሉ፣ ማለትም 2,790 ብር። ሁለቱ ሲደመሩ 5,580 ነው። ከ4,650ው በላይ ያለው ለሁለት ምዝገባ፣ ለሁለት መቀበልና ማስረከብ፣ ለሁለት ቤተሰብ ስልክ የሚሄድ ነው። ጥንድ ካልተገኘ 75 በመቶ፣ ወደ 3,500 ብር ጠይቁ። ለወላጅ በግልጽ ንገሯቸው፦ «ጥንድ ስናገኝ ወደ 2,790 ይወርዳል።» ወላጆቹ ራሳቸው ጎረቤት ፈልገው ሲያመጡ ታያላችሁ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወሬ ቶሎ ይዳረሳል።

በሳምንት የተወሰነ ቀን ለሚመጡም ያው ነው። ሦስት ቀን 70 በመቶ፣ ሁለት ቀን 50 በመቶ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የሚመጣው ከማክሰኞና ሐሙሱ ጋር ሲጣመር ቦታው ሞላ። ቀኑ ግን የተወሰነ ይሁን። «በዚህ ሳምንት ማክሰኞን በሐሙስ ልቀይር» የሚለውን አንዴ ከፈቀዳችሁ ጥንዱ ይፈርሳል።

አልፎ አልፎ ለሚመጣ ልጅ የቀን ዋጋ ይኑራችሁ። 4,650ን ለ22 የሥራ ቀን ስታካፍሉ 211 ነው። ላዩ ላይ ሠላሳ በመቶ ገደማ ጨምራችሁ 275 በሉት። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ለሚሠሩ ወላጆችም በቀን ዋጋ መያዝ ይቀላል።

ከኬጂ በኋላ የሚመጣው ልጅ

ይህ ልጅ ለብቻው መታየት አለበት። የሚመጣው የእንቅልፍ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ፍራሽ አይዝም። ምሳም አይበላ ይሆናል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ጀምሮ የምገባ ፕሮግራም አለ፣ ኬጂዎችንም ይጨምራል። ከዚያ የሚመጣ ልጅ መክሰስ ብቻ ነው የሚፈልገው። የግል ኬጂ ከሆነ ምሳ ዕቃው ውስጥ የቀረ ነገር መኖሩን አይታችሁ ትወስናላችሁ።

በሌላ በኩል ደግሞ ሰዓቱ ከባድ ነው። 10 ሰዓት ተኩል ላይ አንዱ ማቆያ በር ላይ ቁሙ። ጨቅላዎቹ ከእንቅልፍ ተነስተው ይነጫነጫሉ። ከኬጂ የመጡት ቦርሳቸውን ወርውረው ጫማቸውን ሳይፈቱ ይሮጣሉ፣ አንዱ የቤት ሥራ ደብተሩን ይዞ «ቲቸር፣ ይሄን አሳዪኝ» ይላል። ሞግዚቷ ከማለዳ ጀምሮ ቆማለች። በሰዓት ብዛት ብቻ የምትተምኑት ከሆነ ይህ ድካም አይታያችሁም።

ስለዚህ 50 በመቶ፣ ማለትም 2,325 ብር፣ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ገደብ ይኑረው። የትልልቆቹ ሞግዚት ስምንት ልጅ ይዛለች፣ አሥር መያዝ ትችላለች። ሁለት ልጅ ብትጨምሩ 4,650 ብር ተጨማሪ ገቢ ነው፣ ወጪው መክሰስ ብቻ። ሦስተኛው ሲመጣ አዲስ ሞግዚት ያስፈልጋል፤ ሦስቱ ልጆች የሚያመጡት 6,975 ደግሞ እሷንና መክሰሱን ለመሸፈን ጠባብ ነው። ወይ በሁለት አቁሙ፣ ወይ ከሰዓት ብቻ የምትሠራ ሞግዚት ፈልጉ። ሦስተኛውን ዝም ብሎ መጨመር ግን በልጆቹ ላይ መፍረድ ነው።

ልጁን ከኬጂ የሚያመጣው ማነው? ሰርቪስ ካለው ወላጅ በቀጥታ ለሰርቪሱ ይክፈል። ሞግዚት በእግር ሄዳ የምታመጣ ከሆነ በዚያ ሰዓት ቤት የቀሩትን ማን ይጠብቃል የሚለውን ሳትመልሱ ዋጋ አትናገሩ።

ኬጂ ሲዘጋ ልጁ ሙሉ ቀን ይመጣል። የዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት ላይ የቀን ዋጋው ልዩነት ይከፈል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ሙሉ 4,650 ነው። ይህን በሚያዝያ ንገሩ። ሰኔ መጨረሻ ላይ የሚነገር ጭማሪ ወላጅን ያስደነግጣል፣ እናንተም ስንት ልጅ እንደሚመጣ ሳታውቁ ክረምቱ ይገባል።

ጳጉሜን አትርሱ። ደመወዝተኛው ለጳጉሜ የተለየ ደመወዝ የለውም፣ ልጆቹ ግን አምስት ወይም ስድስት ቀን ይበላሉ። እኔ የምመርጠው የጳጉሜን ወጪ በ12ቱ ወር ላይ አሰባጥሮ በትንሽ በትንሹ መጨመር ነው። አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል፣ ቤተሰብ ለበዓል ሲቸገር፣ የጳጉሜ ክፍያ መጠየቅ ደስ አይልም።

ምግብ፣ መዘግየትና መቅረት

ምግብን ከቦታው ዋጋ ለይታችሁ ጻፉ። ያኔ ምሳ ዕቃ የሚያመጣውና የማያመጣው እኩል አይከፍልም፣ የጤፍ ዋጋ ሲጨምርም የምታስተካክሉት አንዱን መስመር ብቻ ነው።

የመዘግየት ክፍያ የግድ ነው። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፣ ልጁን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ስልኳን የምታይ ሞግዚት የራሷ ቤት አላት። ታክሲ እየጠፋባት ነው። 15 ደቂቃ ይቅርታ ይደረግ፤ ከዚያ በኋላ በየግማሽ ሰዓቱ 100 ብር ይከፈል። ብሩም ለቆየችው ሞግዚት ይድረስ። ወላጆች ይህን ሲያውቁ አያኮርፉም። ቃሊቲ መንገድ ላይ አደጋ ደርሶ ሁሉም የዘገየ ቀን ግን ቅጣት አይያዝ።

ልጁ ቢታመምና ቢቀር የቦታው ክፍያ አይቀነስም፤ የምግቡ ብቻ ይቀነሳል። ጥምቀትም፣ አረፋም፣ ሌላ የሕዝብ በዓልም ሂሳብ ውስጥ ገብቶ የተተመነ ስለሆነ ተመላሽ የለውም። ቤተሰቡ ለወር አገር ቤት ከሄደና አስቀድሞ ከተናገረ ግማሽ ተከፍሎ ቦታው ይጠበቅለት።

በአንድ ገጽ ጽፎ መስጠት

ሁሉንም በአንድ ወረቀት አውርዱት፤ ወላጅ ይፈርም፣ አንዱን ኮፒ ይውሰድ። ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ ይሁንና ደረሰኝ ይሰጥ። የመክፈያ ቀኑን ስትወስኑ የወላጆችን ደመወዝ ቀን ጠይቁ። የመንግሥት ሠራተኛው በወሩ መጨረሻ ይቀበላል። በፈረንጆች ወር የሚከፈለው የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ብሩ የሚገባለት በእኛ ወር ከ20 እስከ 25 ባለው ጊዜ ነው። ሁለት መክፈያ ቀን ማድረግ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ለወንድምና እህት ቅናሽ የምትሰጡ ከሆነ ከትልቁ ልጅ ላይ አሥር በመቶ ቀንሱ። ከጨቅላው አትቀንሱ፣ እዚያ ትርፍ የለም። ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ መስከረም ላይ ይሁን፤ በሰኔ ይነገር።

ወላጅ ከሆናችሁ ደግሞ ከመመዝገባችሁ በፊት ወረቀቱን ጠይቁ። ልጄ ክፍል ውስጥ አንዲት ሞግዚት ስንት ልጅ ትይዛለች? ከሰዓት በኋላስ ስንት ይሆናሉ? ክረምት ላይ ስንት እከፍላለሁ? ዋጋው ከጎረቤቱ ማቆያ በጣም ካነሰ የመጀመሪያውን ጥያቄ ደግማችሁ ጠይቁ፤ ከቻላችሁም 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሄዳችሁ ራሳችሁ ቁጠሩ።