ከቁልፍ ስልክ ወደ ስማርት ስልክ፦ ከመግዛትዎ በፊትና በኋላ

ሱቅ ሲገቡ ሻጩ ቀድሞ የሚያነሳልዎት ካሜራውን ነው፤ «50 ሜጋፒክስል ነው፣ እዩት!» ይላል። እርስዎ ግን መጀመሪያ ራሙን፣ ማለትም ስልኩ የተከፈቱ አፖችን ለማሠራት የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ሜሞሪ፣ ይጠይቁ። ስልክ በዓመቱ የሚያስመርረው በአብዛኛው በራም ማነስ ነው።

ለቴሌግራም፣ ለዋትስአፕ፣ ለቴሌብርና ለባንክ አፕ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማከማቻ ይበቃል። 2 ጊጋ ራም ያለው ርካሽ ነው፤ ይሠራልም። ችግሩ የባንክ አፑን ከፍተው፣ የተላከልዎትን ኮድ ለማየት ወደ ሜሴጅ ሄደው ሲመለሱ ነው፦ አፑ ተዘግቶ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ኮዱም ጊዜው ያልፍበታል። ካርቶኑ ላይ «8 ጊጋ» ተብሎ ከሥሩ በትንሹ «4+4» ከተጻፈ እውነተኛው ራም 4 ነው። የቀረው ከማከማቻው የተበደረ ነው፣ ፍጥነቱም አይደርስም። ባትሪው 5000 ሚሊአምፒር ከሆነ ለጀማሪ አያንስም።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ይፈትሹት፦

1. የራስዎን ሲም አስገብተው ይደውሉ፣ ድምፁን በሁለቱም በኩል ይስሙ። የ4ጂ ምልክት ካልመጣ ስልኩን ከመውቀስዎ በፊት ሲሙን ይጠርጥሩ፤ የቆየ ሲም 4ጂ ላይሠራ ይችላል።
2. *#06# ይጫኑ። የሚመጣው ባለ 15 አሃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር (IMEI) ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት።
3. አንድ አፕ ጫን ብለው ይዘው በስክሪኑ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ይጎትቱት። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከእጅዎ የሚያመልጥ ከሆነ እዚያ ጋ ተቹ አይሠራም።
4. ቻርጀሩን ይሰኩ፣ ገመዱንም ነካ ነካ ያድርጉት። ቻርጅ ማድረጉ ከተቆራረጠ ይተዉት።

ያገለገለ ከሆነ ሻጩ የራሱን ጂሜይል አውጥቶ፣ ስልኩን ፎርማት አድርጎ (ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ) እርስዎ ፊት እንደ አዲስ ያስነሳው። ሲነሳ የቀድሞ ባለቤቱን ጂሜይል ከጠየቀ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይግዙት።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ግን ከገዛ በኋላ ነው። ስልኩ ሲከፈት ጂሜይል ይጠይቃል፤ ሻጩም «እኔ ላስተካክልልዎ» ብሎ የራሱን ያስገባል፣ ወይም ፓስዎርዱን ማንም የማያስታውሰው አዲስ ጂሜይል ይከፍታል። በሻጩ ጂሜይል ከተከፈተ፣ ስልክዎ ላይ የሚመዘግቧቸው ስሞች ወደ እሱ አካውንት ሊሄዱ ይችላሉ። አንድ ቀን ስልኩን የሚከፍቱበትን ፓተርን (በጣት የሚሳል መክፈቻ) ረስተው ስልኩ ፎርማት ሲደረግም ያንኑ ጂሜይል ይጠይቃል፣ ያኔ ሻጩን ፍለጋ ነው። ስለዚህ ጂሜይሉን በራስዎ ስልክ ቁጥር፣ በሚያምኑት ልጅ ወይም ዘመድ እርዳታ ይክፈቱ፤ አድራሻውንና ፓስዎርዱን ደብተር ላይ ጽፈው ቤት ያስቀምጡ። ወረቀት ላይ መጻፍ አያሳፍርም።

ስልክ ቁጥሮችን ወደ አዲሱ ስልክ ማዛወር ቅደም ተከተል ይፈልጋል። የቁልፍ ስልክ ሲም ትልቅ ከሆነ በመቀስ ማስቆረጥ ቺፑን ሊያበላሽ ስለሚችል፣ መታወቂያዎን ይዘው አገልግሎት ማዕከል ሄደው በዚያው ቁጥር ያስቀይሩት። አዲሱ ሲም ግን ባዶ ነው፤ አሮጌው ላይ የነበሩ ስሞች አብረው አይመጡም። ከመሄድዎ በፊት ስሞቹን ከሲሙ ወደ ቁልፍ ስልኩ ሜሞሪ ይገልብጡ። አዲሱን ሲም በትልቁ ማቀፊያው እንዳለ መልሰው ቁልፍ ስልኩ ውስጥ ከትተው ስሞቹን ሲሙ ላይ ይጫኑ፣ ከዚያ ወደ ስማርት ስልኩ ያስገቡት። በመጨረሻም ስሞቹን ወደ ጂሜይልዎ ያስገልብጡ፤ ስልኩ ቢጠፋ እንኳ አይጠፉም።

ዳታ ከመክፈትዎ በፊት በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» የሚለውን ገብተው፣ በሞባይል ዳታ በራሱ ቪዲዮና ፎቶ ማውረዱን ያጥፉ። አፖች የሚወርዱበትን ፕሌይ ስቶርንም አፖቹን በዋይፋይ ብቻ እንዲያድስ ያድርጉት። ይህ ሳይደረግ የገዙት ፓኬጅ «ሳልጠቀምበት አለቀ» ያሰኝዎታል። ፊደሉ ካነሰብዎ ሴቲንግ ውስጥ «ዲስፕሌይ» ገብተው ያሳድጉት። በአማርኛ ለመጻፍ ጂቦርድ የሚባለው የመጻፊያ ኪቦርድ ላይ አማርኛን ይጨምሩ።

የመጀመሪያው ሳምንት ትልቁ ትግል ስልክ ማንሳት ነው። በብዙዎቹ ስልኮች አረንጓዴውን ምልክት ነካ ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ተጭነው ይዘው መጎተት ያስፈልጋል። አንድ ሰው ደጋግሞ እንዲደውልልዎ አድርገው እጅዎ እስኪለምደው ይለማመዱ።