የለመዱትን መንገድ እንደ አዲስ ለማየት

በጎንደር የምንኖር ሰዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የፋሲል ግንብ በየቀኑ እያለፍነው ልብ ሳንለው እንውላለን፤ አእምሮ ደጋግሞ ላገኘው ነገር የሚሰጠውን ትኩረት እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ያማረውም ነገር ሲለመድ ደስታ መስጠቱን ያቆማል። ስለዚህ ወደ ሥራ ሲሄዱ ከዚህ በፊት ያላስተዋሉትን አንድ ነገር ብቻ ይፈልጉ፤ ለምሳሌ የማዕዘን ማማዎቹን እንቁላል መሳይ ጉልላት፣ ወይም በድንጋዮቹ መካከል የገባውን ኖራ። ማታ ቡና ሲፈላ ያዩትን ለቤተሰብዎ ይንገሩ፤ የሚያወራውን የሚፈልግ ሰው አተኩሮ ስለሚመለከት፣ በእኔ ግምት የዘዴው ዋና ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። ፎቶ ማንሳቱ ቢቀር ይሻላል። ደስታ ያጡት ለሳምንታት በዘለቀና እንቅልፍም የምግብ ፍላጎትም በነሳዎት ሐዘን ምክንያት ከሆነ ግን ይህ ስለማይበቃ ሐኪም ያማክሩ።