መልሱ ቀድሞ የተወሰነ ጥናት፦ ችግርና መፍትሄ

ናሙና ማስላትና መጠይቅ ማዘጋጀት ለምታውቁ የተጻፈ ነው። ስሌቱ ሁሉ ልክ ሆኖ፣ ድምዳሜው ግን አጥኚው ሳይጀምር ያምነው የነበረው ሆኖ ሲወጣ ምን እንደሚፈተሽ እነሆ።

ምልክት፦ የቦርከና ወንዝ ውሃ ተለካ፤ «ብክለቱ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ነው» ተባለ፤ የሚቃረን አንድም ቁጥር የለም።

መንስኤ፦ ውሃው የተቀዳበት ቦታና ሰዓት። በየዓመቱ የሚደገመው ስህተት ይህ ነው። ቦርከና ኮምቦልቻ የሚደርሰው የደሴን ፍሳሽና ቆሻሻ ተሸክሞ ነው። ከፋብሪካዎቹ በታች ብቻ የቀዳ ሰው የሁለት ከተማ ብክለት በአንዱ ላይ ጫነ። ሰዓቱም ያው ነው፦ ፋብሪካ ፍሳሹን ቀኑን ሙሉ እኩል ስለማይለቅ፣ ውሃው ሲጠቁር ጠብቆ መቅዳት ውጤቱን መምረጥ ነው። ፋብሪካው እንዲነካ የማይፈልገው ደግሞ በክረምት፣ ዝናብ ወንዙን ካቀጠነው በኋላ ይቀዳና «ደህና ነው» ይላል። እንዲህ የተበላሸ መረጃ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ማስያ ሶፍትዌር) ውስጥ ቢገባ አይቃናም።

መፍትሄ፦ ቢያንስ 3 ቦታ ቅዱ፦ ወንዙ ደሴ ሳይገባ፣ ከደሴ ወጥቶ ኮምቦልቻ ሳይደርስ፣ ከፋብሪካዎቹ በታች። በመሃል ገባር ወንዝ ካለ ከመገናኛው በላይና በታች ጨምሩ። ሰዓቱን፣ ለምሳሌ 3፣ 7 እና 11 ሰዓት፣ ከቤት ሳትወጡ ጻፉ፤ ወንዙ ዳር ደርሳችሁ አትቀይሩት። በበጋም በክረምትም ድገሙት።

ጠርሙሱ ላይ «ከፋብሪካ በታች» ብላችሁ በፍጹም አትጻፉ! ቁጥር ብቻ ለጥፉ፤ የቁጥሮቹ መፍቻ ላብራቶሪ አይግባ። በቲትሬሽን (ቀለም እስኪለወጥ ኬሚካል በጠብታ እየጨመሩ መለካት) ቀለሙ መቼ እንደተለወጠ የሚወስነው ዓይን ነው፤ የሚጠብቀውን የሚያውቅ ዓይን አንድ ጠብታ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በፈረንጆች 1904 ፊዚክሰኛው ሮበርት ዉድ፣ ፈረንሳዊው ፊዚክሰኛ ብሎንድሎ አገኘሁት ያለው «ኤን ጨረር» የሚለካበትን ፕሪዝም (ጨረር የሚበትን ቁራጭ) በጨለማ ውስጥ ቢያነሳውም ልኬቱ እንዳለ ቀጠለ። ጨረሩ ጭራሽ አልነበረም።

ምልክት፦ የተጠየቀው ነዋሪ ሁሉ ማለት ይቻላል «በጣም እስማማለሁ» አለ።

መንስኤ፦ ይሉኝታና የጥያቄው አነጋገር። «ፍሳሹ ምን ያህል ጎድቶዎታል?» የሚለው ጉዳቱን አስቀድሞ ደምድሞታል። ቤቱ ድረስ የመጣን እንግዳ ማሳፈር የማይፈልግ ሰው ደግሞ ይስማማል።

መፍትሄ፦ «ባለፉት 12 ወራት የወንዙን ውሃ ለምን ለምን ተጠቀሙበት?» ብላችሁ ጀምሩ። «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም» ከሚባልባቸው ዓረፍተ ነገሮች የግማሹን ሐሳብ ገልብጡ፤ ለቀጥተኛውም ለተገለበጠውም የተስማማ ሰው ጥያቄውን አልመለሰም። መላምቱን የማያውቅ ሰው ይጠይቅ። ለዘመድና ለጎረቤት ማስሞላት ይቁም።

ምልክት፦ ሁለት ሰዎች 100 የነዋሪዎች መልሶችን «ቅሬታ» ወይም «ቅሬታ ያልሆነ» ብለው መድበው በ80ው ተስማሙ፤ ጥናቱም «አስተማማኝ» ተባለ።

መንስኤ፦ ሁለቱም ከ100ው 80ውን «ቅሬታ» ካሉ፣ በአጋጣሚ ብቻ 68 ይገጥማል (0.8 × 0.8 + 0.2 × 0.2 = 0.68)። ከአጋጣሚ በላይ ያለውን ስምምነት የሚለካው ካፓ (0.80 − 0.68) ÷ (1 − 0.68) = 0.375 ነው፤ ደካማ ነው።

መፍትሄ፦ የምደባ መመሪያውን በምሳሌ አብራሩ፤ ከዚያ እንደገና፣ ሳትመካከሩ መድቡ።

ምልክት፦ ከብዙ የስታቲስቲክስ ፈተናዎች የአንዱ ብቻ ፒ-ቫልዩ (ልዩነት ሳይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድል) ከ0.05 በታች ወጣና የጥናቱ ርዕስ ሆነ። 20 ነጻ ፈተና ሲደረግ፣ ምንም ልዩነት ባይኖር እንኳ ቢያንስ አንዱ እንዲህ የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ገደማ ነው። 20ውንም በሠንጠረዥ አውጡ።

ከሌሎቹ የራቀ ቁጥር የሚሰረዝበት ደንብ መረጃው ሳይከፈት ተጽፎ ቀን ይደረግበት፤ ያልተጻፈ ከሆነ ቁጥሩ ይቆይ።